ስለ ሰማይ ሽማግሌ ላክኩ

ልጄ ምን እንደምትሠራ ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ላይ «ዶክተር ናት» እል ነበር። ውሸት አልነበረም። ትምህርቷን ጨርሳ ከውጭ አገር ስትመለስ ይዛ የመጣችው ማዕረግ እሱ ነው። ግን ጉደር ውስጥ ዶክተር ከተባለ ሰው ወዲያው ጉልበቱን ይገልጣል። ሱቄ ሳሙና ሊገዛ የመጣ ሁሉ «እስቲ ስትመጣ ኩላሊቴን ትይልኝ» ማለት ጀመረ። አንዷ ጎረቤቴማ ጆሮው የሚመግል ልጇን ይዛ በጠዋት በሬን ቆረቆረች። ልጄ ወጥታ «ይቅርታ፣ እኔ የሰማይ ነኝ እንጂ የጆሮ አይደለሁም» አለቻት። ሴትየዋ የተቀየመችው በኔ ነው። «ሰማይ የቻለች ጆሮ ምን ያቅታታል?» ብላኝ ሄደች።

ከዚያ በኋላ «ሰማይ ታዳምጣለች» ማለት ጀመርኩ። እሱ ደግሞ ባሰ። እኛ የወንጌል አማኞች ነን፤ በኛ መካከል ሰማይ አዳምጣለሁ ያለ ሰው ቀላል ነገር አይጠየቅም። አንድ የጸሎት ወንድም እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እና ምን አላት?» አለኝ።

«ገና ማሽኑ አልተስተካከለም» አልኩት። የመለስኩት እውነቱን ነበር፤ እሱ ግን ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

እኔ ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ከሳይንስ የማስታውሰው ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ላይ ማብቀልን ብቻ ነው። ስለዚህ ልጄ ስታስረዳኝ የምይዘው የገባኝን ያህል ነው። በከዋክብት መካከል ያለው ስስ ጭጋግ የራሱ የሬዲዮ ሞገድ አለው አለችኝ። የምትሠራበት ማሽን፣ ዲሽ የሚሉት ትልቅ የብረት ሳህን፣ ይህን ሞገድ ይሰበስባል። ደመና አያግደውም፤ በቀንም ይሠራል። ይኼ በቀን መሥራቱ በጣም ደስ አሰኘኝ። የኮከብ ነገር ስለሆነ ሌሊት ሌሊት ተራራ ላይ ሊያስቀምጧት ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበርና። ጅብ አለ፣ ብርድ አለ፣ ሰው አለ። ከሦስቱ ይበልጥ የምፈራው የመጨረሻውን ነበር።

ዲሹ በትልቅ መኪና ተቆራርጦ መጣ። ከጉደር በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ሲገጣጥሙት ከተማው በሙሉ አንጋጦ ያይ ነበር። ወጣቶቹ የእንግሊዝ ኳስ በነፃ ሊመጣ ነው አሉ። ከኮረብታው ሥር መሬት ያላቸው አንድ አባት ልጄን መንገድ ላይ አስቁመው ጠየቋት።

«ኢንተላ ኮ፣ ይህ ነገር ዝናብ ይስባል ወይስ ይገፋል?»

በኦሮምኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው። «አባቴ፣ ዝናቡን አይነካውም» አለቻቸው።

«ታዲያ ኳሱንም አያመጣም አሉ?»

«አያመጣም።»

«እንግዲያማ ምንም ጉዳት የለውም» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዲሹ የተሰጠው ትልቁ ምስጋና ይኸው ነበር፦ ጉዳት የለውም።

ጉዳቱ ለኔ ነበር። ኮረብታው ላይ ስልክ ክልክል ነው። ከሰማይ የሚመጣው ሞገድ ከመድከሙ የተነሳ አንድ ሞባይል አጠገቡ ከተከፈተ፣ ሹክሹክታ በሚሰማበት ቤት ውስጥ ከበሮ እንደመምታት ነው ትለኛለች። ቤንዚን የሚበላ መኪና እንኳ ሞተሩ የእሳት ብልጭታ ስለሚረጭ አይወጣም፤ ናፍጣ ብቻ ነው የሚፈቀደው። እኔ ይህን ሳላውቅ በመጀመሪያው ሰሞን ረፋዱን ሙሉ እደውላለሁ። ያቺ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይቻልም» የምትል ሴትዮ ትመልስልኛለች። እደግማለሁ፤ ያንኑ ትደግማለች። ልጄ ገደል ገብታለች ብዬ ምሳ በሰሃን ቋጥሬ ኮረብታው ሥር ደረስኩ። ዘበኛው አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ዘረጋልኝ።

«እናት፣ ስልክዎን አጥፍተው እዚህ ያስቀምጡ።»

«ልጄን የምደውልላት በሱ አይደለም እንዴ?»

«የሷም ይኸው» ብሎ አሳየኝ። የልጄ ስልክ ከሌሎቹ ጋር ጠፍቶ ተጋድሟል። ረፋዱን ሙሉ ስጨነቅ የነበረው ለቆርቆሮ ሳጥን ነው።

ወጥቼ ያገኘኋት ኮንቴይነር ውስጥ ተቀምጣ፣ በስክሪን ላይ ያለ መስመር ስትመለከት ነው። ፊቷን ሳየው ምሳውን ለመፍታት እንኳ ፈራሁ።

«ይኼ መስመር ለጥ ብሎ መሄድ አለበት፣ እማዬ» አለችኝ በጣቷ እያሳየች። «መሃል ላይ አንዲት ትንሽ ጉብታ ትኖራለች። ያቺ ጉብታ ከሰማይ የመጣችው ናት። ሌላው ዝም ካለ ትታያለች።»

እኔ ያየሁት የእሾህ አጥር ነው። ከዳር እስከ ዳር ወደ ላይ የቆመ እሾህ።

«የቱ ጋ ነው ጉብታው?»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

ከዚያ የነገረችኝ ነገር እንቅልፌን እንደገና ወሰደብኝ። ከአዲስ አበባ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት፣ ዲሹን የሚመረምሩ ሰዎች ይመጣሉ። ጉብታዋ በግልጽ ከታየች ዲሹ ሥራ ይጀምራል፤ እሷም እዚሁ ትቀጠራለች። እሾሁ ካልጠፋ ግን ቦታው ረብሻ በዝቶበታል ተብሎ ዲሹ ይነቀልና ሰው ወደሌለበት ሩቅ ተራራ ይወሰዳል። እሷም አብራው ትሄዳለች። አባቷ ከሞቱ በኋላ ያለችኝ እሷ ናት። ለስንት ዓመት ባሕር ማዶ ሆና፣ እዚያ በረዶ ወረደ ሲባል እኔ እዚህ ስንቀጠቀጥ ኖሬ፣ ገና ዓይኔ ሥር መጣች ስል። ሰው ወደሌለበት ተራራ! ሰውን እፈራለሁ አልኩ እንጂ ሰው የሌለበትንማ እንዴት አድርጌ ልቻለው?

እሾሁን ፍለጋ ተጀመረ። ልጄ የዓሣ አጥንት የመሰለ አንቴና በእጇ ይዛ በየመንደሩ ትዞር ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የተማረችው ሌባ ለመፈለግ ነው እንዴ እላለሁ በልቤ። ሰዎች ከአጥር ውጭ ሲያይዋት «ቴሌቪዥኑ አልይዝ አላት?» ይሉኛል። በመጨረሻ አንቴናው ከኮረብታው ግርጌ፣ አስፋልቱ ዳር ወዳለው ብየዳ ቤት መራት። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው የጭቃ ቤቱን በብሎኬት የሚቀይርበት፣ የእንጨት በር አውልቆ የብረት በር የሚያስገጥምበት ዘመን ነበር። በያጁ ከጠዋት እስከ ማታ ያበራዋል። እሱ ብልጭ ባደረገ ቁጥር ኮረብታው ላይ እሾህ ይበቅላል።

«ነገ ሄጄ እጠይቀዋለሁ» አለች ልጄ። «ሰዎቹ ሲመጡ አንድ ረፋድ ቢያቆምልኝ ይበቃል። በኋላ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እኛ እንሠራለን፣ ከምሳ በኋላ እሱ ይበይዳል።»

«ተይ!» አልኳት። «አንቺ ያላገባሽ ልጅ፣ ሱሪ ለብሰሽ ሄደሽ፣ ሰውየውን እንጀራህን ዝጋ ልትዪው? እንግዳ ነው፣ ሙስሊም ነው፣ ከደቡብ መጥቶ ነው የሚሠራው። ናቁኝ ቢልስ? እምቢ ካለ በኋላ ማን ይመልሰዋል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«በወጉ ይጠየቃል። ሽማግሌ ይላካል።»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። «እማዬ፣ ለአንድ የብየዳ ማሽን?»

«ለማሽኑ አይደለም፤ ለሰውየው ነው።»

በጥንቃቄ መረጥኩ። ተናጋሪው አምቦ ላይ ዕድሜያቸውን በድሬሰርነት፣ ቁስል በማጠብና መርፌ በመውጋት፣ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም በኦሮምኛ «ኦቦ»፣ አቶ እንደማለት፣ እንላቸዋለን። «ጉደር ውስጥ መርፌ ያልወጋሁት መቀመጫ የለም» ይላሉ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው ንግግር ከጀመሩ አለመጨረሳቸው ነው። ሁለተኛው ስለ ዝናቡ የጠየቁት ባለመሬት ሆኑ። ሦስተኛው የጨርቅ ነጋዴ የሆኑ አንድ ሃጂ ናቸው፤ የበያጁ የአገር ሰው በመሆናቸው ነገሩን ያለሰልሳሉ ብዬ ነው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሦስቱም ጋቢ ለብሰው፣ ዱላ ይዘው ሄዱ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ካለችው ሽንኩርት ሻጭ ዘንድ ሆኜ፣ ሽንኩርት እየመረጥኩ አይ ነበር። በያጁ መከላከያውን ከፊቱ ላይ አነሳ፤ ሦስት ጋቢ ሲያይ ጓንቱን አወለቀ፤ ለሠራተኞቹም «አጥፉት!» ብሎ ጮኸ። አግዳሚ ወንበር ወጣ።

«አባቶቼ፣ ቁጭ በሉ።»

«አንቀመጥም» አሉ ኦቦ። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም።»

እንዲህ ነው የሚባለው፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ኦቦ ጀመሩ። ፈጣሪ ሰማይን ከምድር ከለየበት ተነስተው፣ ስለ ጉርብትና፣ ስለ እንግዳና ባላገር፣ ስለ ተማረ ልጅ ጥቅም ተናግረው፣ ሽንኩርት ሻጯ «አትገዢም እንዴ?» ብላ ሦስት ጊዜ ከጠየቀችኝ በኋላ ወደ ጉዳዩ ደረሱ። በያጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰማ። ሲጨርሱ ጎንበስ አለ።

«አክብራችሁ መጣችሁ። ጉዳዩ ገብቶኛል። ግን ሽማግሌ ተልኮብኝ እዚያው በዚያው እሺ ብል ቀለለ አልባልም? ወንድሞቼ ቡታጅራ ናቸው፤ ላማክር። የዛሬ ሳምንት ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በሦስተኛው ቁርጡን እነግራችኋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እየተደሰቱ ተመለሱ። «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው!» አሉኝ ሃጂ። እውነታቸውን ነው፤ ወጉን አንድም አላጎደለ። ሰዎቹ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ደግሞ በዚያው የዛሬ ሳምንት ሐሙስ ረፋድ ነበር።

ልጄ ስትሰማ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። አልተጣላችኝም፤ ብትጣላኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ከኔ ተደብቃ ሄዳ በያጁን ለመነችው። በኋላ ነው የነገረችኝ። ሰውየው ወንበር አውጥቶላት፣ ለስላሳ አስከፍቶላት፣ በጣም አዝኖ ነበር።

«እህቴ፣ ምነው መጀመሪያ ራስሽ ብትመጪ? በዚያው ቀን እዘጋልሽ ነበር። አንድ ረፋድ ምን አላት? አሁን ግን ነገሩ በሽማግሌ እጅ ነው። በሽማግሌ የተያዘ ነገር ላይ እኔና አንቺ ጓዳ ገብተን ብንስማማ እነሱን መናቅ ነው። እኔ ደግሞ እናትሽን እንዲህ አክብራኝ እያለች አላዋርዳትም።»

እንግዲህ እኔ በጥንቃቄ ያደረግኩት ይህን ነው። ክፍት የነበረ በር በሽማግሌ አስዘጋሁ።

ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ወሬው ቀድሞኛል። «አንቺዬ፣ ሽማግሌ ላክሽ አሉ?» አለችኝ አንዷ የሩቅ ወዳጄ። «ሴት ወገን ሽማግሌ ሲልክ ዘንድሮ ሰማን! እሷስ ተምራለች፤ በያጅ ልታገባ ነው?» አስተባበልኩ። ባስተባበልኩ ቁጥር ፈገግታዋ ሰፋ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የበያጁ ሚስት ራሷ በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት። ሻሿን አሳምራ ጠምጥማ፣ ዓይኗን በኔ ላይ ተክላ።

«እትዬ፣ ባሌን ለማን እንደፈለጉት ልወቅ ብዬ ነው። ሁለተኛ የምትመጣ ከሆነ ቤቱን ላስፋው።»

«ኧረ በጌታ! ልጄ የምትፈልገው ማሽኑን እንዲያጠፋላት ነው!»

ሳቋ ፈነዳ። «አውቃለሁ። ገበያው ሲያወራ እኔስ ለምን ይቅርብኝ ብዬ ነው።» ገብታ ቁጭ አለች። «ማሽኑን ማስጠፋትማ እኔም ስንት ዓመት ፈልጌ። ጠዋት ከዕንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ እሱ አይደል? ለኔ ነግረውኝ ቢሆን በአንድ ቃል ነበር የማስጠፋው። በሽማግሌ መሃል ግን ሴት አትገባም። የራስዎ ጥፋት ነው፣ ይቻሉት።»

ነገሩ በዚህ አልበቃም። ሰኞ ዕለት የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሱቄ መጥቶ ባንኮኒውን ተደግፎ ቆመ። ምንም አልገዛም።

«አዴ፣ ብየዳው ሰማይ ይረብሻል ተብሎ በሽማግሌ ተለመነ። መልካም። የኔ ወፍጮ አይረብሽም ማለት ነው?»

«ልጄ አይረብሽም ብላለች። የናፍጣ ነው።»

«ድምፁ ባኮ መንገድ ድረስ ይሰማል! እሱ በአንዲት ሽቦ ሰማይ ረበሸ፣ እኔ በዚህ ሁሉ ሞተር አልረበሽኩም?» ፊቱ ቀላ። «ሰው አልመሰልኳችሁም ማለት ነው።»

እሱን ሳልሸኝ ፀጉር አስተካካዩ መጣ። የሱ መላጫ በኤሌክትሪክ ነው፤ ይንጣጣል፤ እንዲያውም ሲያስጀምረው የሬዲዮኑ ድምፅ ይበላሻል። እሱም ሽማግሌ ይገባው ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጉደር ሰማይን የሚረብሹ ሰዎች ከተማ ሆነች፤ ሁሉም ሰው ረብሻው እንዲታወቅለት ፈለገ። ለእያንዳንዱ ሽማግሌ ብልክ እያንዳንዱ ሦስት ሳምንት ዘመድ ሊያማክርብኝ ነው።

ማክሰኞ ምሽት ላይ ልጄ እራት ፊቷ ቀርቦ አትበላም። ልብሷን ማጠፍ ጀምራለች። ሩቅ ተራራ የሚሄድ ሰው ብዙ ሹራብ ያስፈልገዋል ብላ ልትቀልድ ሞከረች፤ አልሳቅንም። ድንገት ሹራቡን ይዛ ቆመች።

«እማዬ፣ ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ምን ነበር? እሾሁ ጠፍቶ መስመሩ ንጹሕ ሆኖ ነበር። ጉብታዋን አይቻት ነበር እኮ። ከዚያ ጠፋች። ምክንያቱን እስካሁን አላገኘሁትም።»

«ባለፈው ሐሙስማ ሽማግሌዎቹ ቆመው ነበር። ማሽኑን አስጠፍቶ ነው የሰማቸው።»

ተያየን። ሹራቡን አስቀመጠችው።

«እማዬ… ኦቦ ምን ያህል መናገር ይችላሉ?»

«እሳቸው? ማን አስቁሟቸው ያውቃል?»

ረቡዕ ኦቦ ቤት ሄድኩ። በሕይወታቸው ሙሉ ሰው «አሳጥሩ» ሲላቸው የኖሩ ሰው ናቸው። «አስረዝሙ» ብዬ ስለምናቸው መጀመሪያ ያሾፍኩባቸው መሰላቸው። ነገሩን አስረዳኋቸው፦ ሽማግሌ ቆሞ እየተናገረ በያጁ ማሽኑን አያስነሳም። ዲሹ ከብየዳ ቤቱ ደጃፍ ይታያል። ሰዎቹ ኮረብታው ላይ እስካሉ ድረስ ዲሹ ጎኑን አዘንብሎ ይቆያል። ሲጨርሱ ልጄ አፉን ቀጥ አድርጋ ወደ ሰማይ ታዞረዋለች፤ ሥራ ሲያበቃ እንዲህ ነው የሚያሳርፉት። እስከዚያ ንግግሩ ማለቅ የለበትም።

«መቀመጥስ?» አሉኝ።

«ከተቀመጣችሁ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው።»

ጉልበታቸውን አሻሹ። «ይሁን» አሉ። «ወፍጮውንና ፀጉር ቤቱን ደግሞ ለኔ ተዪያቸው። ሊለመኑ አይደል የሚፈልጉት? ከሚለመኑ የሚታዘቡ ይከበራሉ። ለምስክርነት እጠራቸዋለሁ።»

ሐሙስ ረፋድ የብየዳ ቤቱ ደጃፍ ሠርግ ቤት መስሎ ጠበቀኝ። ባለወፍጮው ቤቱን ዘግቶ፣ ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ በአንድ ጎን ብቻ የተላጨ ደንበኛ አስከትሎ መጥቷል። በያጁ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከበስተኋላው ግን ሁለት ክንፍ ያለው ትልቅ የብረት በር በግማሽ ተበይዶ ቆሟል። ባለቤቱ ከሰዓት ይወስደዋል አሉ። ኮረብታው ላይ ሁለት መኪኖች ሲወጡ አየሁ። ዲሹ ጎኑን አዘነበለ።

«አባቶቼ፣ ቁጭ በሉ።»

«አንቀመጥም።»

ኦቦ ጀመሩ፤ በያጁ ግን ቀጥሮ የጠራቸው ለአጭር መልስ ነበርና በመጀመሪያው ትንፋሽ መውሰጃቸው ላይ ገባ። «ወንድሞቼን አማክሬያለሁ፤ ክፉ አላሉም። እንግዲህ በሦስተኛው…» እጁ ወደ ጓንቱ ሄደ።

«ወንድሞችህ!» አሉ ኦቦ። «ወንድም ካነሳህ አይቀር፣ ስለ ወንድም አንድ ነገር ልበል።» አሉም። ስለ ወንድም ብለው ሲያበቁ ስለ እህት አሉ። ከእህት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ወሊድ፣ ከወሊድ ወደ ክትባት ሄዱ። የበያጁን ልጆች ሁሉ የወጉት እሳቸው ናቸው፤ የትኛው እንዳለቀሰ፣ የትኛው እንደ ወንድ እንደቻለው፣ የትኛው እንደነከሳቸው ተራ በተራ ተነገረ። ሰው ይስቃል፤ በያጁም ይስቃል፤ ዓይኑ ግን በሩ ላይ ነው። ሃጂ በአንድ እግራቸው ቆመው ሌላውን ያሳርፋሉ። ባለመሬቱ ዱላቸው ላይ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ እንቅልፍ ይሁን ጸሎት አላወቅኩም። እኔ ኮረብታውን አያለሁ። ዲሹ እንዳዘነበለ ነው።

በያጁ እንደገና ጓንቱን አነሳ። «አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ግን የሰው ሥራ…»

ያን ጊዜ ሚስቱ ከውስጥ ሻይ በትሪ ይዛ ወጣች። «ሽማግሌ ቆሞ አንተ ጓንት ታነሳለህ?» አለችው፣ ድምፅዋን ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ። «አስቀምጠው! ለኔም ሽማግሌ በተላከ ጊዜ አባቴ እስከ ቀትር አስቁመዋቸው ነው። ረሳኸው?»

«አልረሳሁም» አለ፤ ጓንቱን አስቀመጠ። በኔ በኩል ስታልፍ አላየችኝም፤ ከንፈሯ ጥግ ብቻ ትንሽ ተነቃነቀ። በሽማግሌ መሃል ሴት አትገባም ያለችኝ እሷ ናት።

ኦቦ ሻዩን ቆመው ጠጡ። ከሻዩ በኋላ የጉደር ድልድይ ታሪክ መጣ። ከድልድዩ ማዶ ጎርፍ፣ ከጎርፍ ወባ፣ ከወባ እንደገና መርፌ። ፀጉሩ በግማሽ የተላጨው ሰውዬ «ኦቦ፣ የኔስ ጎን?» ሲል ፀጉር አስተካካዩ «ዝም በል፣ ሰማይ እየተደመጠ ነው!» አለው።

ቀና ስል ዲሹ እየዞረ ነበር። ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ነጩ አፉ ወደ ላይ ቀና አለ። ተስማምተን እንደነበረው አሳልኩ። ኦቦ ቀጠሉ። ደግሜ አሳልኩ። ሃጂ ጋቢያቸውን ጎተቷቸው። ኦቦ ገና ስለ ወባ እንክብል መራራነት እየተናገሩ ነበር፤ በዕድሜያቸው እንዲህ ተሰምተው አያውቁም። ዲሹ ካረፈ በኋላ ብዙ ቆይተው ነው የጨረሱት። በያጁም ጎንበስ ብሎ፣ በሦስተኛው ተመለሱ አለ።

ልጄ ስትመጣ እየሮጠች ነበር። ጉብታዋ ታይታለች። መስመሩ ለጥ ብሎ፣ መሃል ላይ እንደ ሕፃን ሆድ ከፍ ብላ። ሰዎቹ ተገርመው፣ አስፋልት ዳር ያለ ከተማ እንዴት እንዲህ ጸጥ ይላል፣ በምን ደንብ አስከበራችሁት ብለው ጠየቋት። «ሽማግሌ ልከን ነው» አለቻቸው። ከሰዎቹ አንዱ አሰብ አድርጎ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ብሎ ጻፈ።

በሦስተኛው በያጁ እሺ አለ፤ ሽማግሌዎቹም በመጨረሻ ተቀመጡ። ጠዋት የሰማይ፣ ከምሳ በኋላ የብረት ተባለ። ቃሉን እስካሁን አላጎደለም። ኮረብታው ሥር ያለውን የግቢ በር የሠራውም እሱ ነው፤ የበየደው ከሰዓት በኋላ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ግን ምስክርነት አልበቃውም፤ ሲያገኘኝ ሁሉ «የኔ መቼ ነው?» ይለኛል። አንድ ቀን መላካችን አይቀርም።

ልጄ ቀረችልኝ። የለመንኩት ይህንኑ ነበርና ማማረር አልችልም። ባሕር ማዶ ሳለች እሑድ እሑድ ትደውል ነበር፤ አሁን ከጓሮዬ ቀና ስል የምትሠራበትን አያለሁ፣ ስልኳ ግን ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው። አንዳንዴ እንደማይሆን እያወቅኩ እደውላለሁ። ያቺ ሴትዮ ማግኘት አይቻልም ትለኛለች። እሷ ምን ታውቃለች? ወደ ጓሮ ወጥቼ አያለሁ፤ ዲሹ አዘንብሏል፤ ልጄ ደህና ናት። አፉን ወደ ላይ ሲያቀና ወጡን እጥዳለሁ፤ እሷ ቁልቁለቱን ወርዳ እስክትደርስ ይበስላል።